ልዑል ራስ እምሩ፤ በሹመትም በእስራትም

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው አማኑኤል ከተማ ይደርሳል። አማኑኤል የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ስሟም እንደሚታወቀው እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው። በዚህች ከተማ ሰኞ ጧት የመሥሪያ ቤቱን በር የሚከፍት አንድ ወጣት ሹም በሐሳባችን እንመልከት። በደጁ ላይ የመሬቱን ጉዳይ ሊያስጨርስ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ገበሬ ቆሟል። ገበሬው በጋቢው ሥር የያዛት ነገር አለች፤ ማር ትሆናለች፣ ቅቤ ትሆናለች፣ ወይም በመሐረብ የተቋጠረ ገንዘብ። ወጣቱ ሹም ትናንት እሑድ ቅዳሴ አስቀድሷል፤ ከነገ ወዲያ ረቡዕን ይጾማል፤ ጸሎተ ሃይማኖቱንም በቃሉ ያውቃል። ክርስትናው የሚፈተነው ግን ይህን ሁሉ በማወቁ ሳይሆን በጋቢው ሥር ያለችውን ነገር ባየ ጊዜ በሚያደርገው ነው።

እንደምንታዘበው ብዙ ሰው በአገራችን ሁለት መዝገብ ይዞ ይኖራል። አንደኛው ጾሙና ስግደቱ፣ ዝክሩና ማኅበሩ የሚጻፍበት የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ሁለተኛው የመሥሪያ ቤት መዝገብ ሲሆን በዚያ ላይ ስላለው ነገር ብዙውን ጊዜ የነፍስ አባት እንኳ አይጠይቅም። በሹመቱ ጊዜ ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባለውም ተረት የሚሠራው በዚህ በሁለተኛው መዝገብ ነው። ዛሬ ታሪካቸውን ለአንባቢ የምናቀርብላቸው ሰው ከዘጠና ዓመት ገደማ በፊት ይህንኑ የጎጃም ደጋ በደብረ ማርቆስ ተቀምጠው ያስተዳደሩት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። እኛ ቅዱስ አድርገን ልናቀርባቸው አልተነሣንም። በጦርነት የተሸነፉ፣ እጃቸውን ለጠላት የሰጡ፣ ዕድሜያቸውንም ሁሉ ከአንድ ንጉሣዊ ቤት ጥላ ሥር ያሳለፉ ሰው ናቸው። የመረጥናቸው ሁለት መዝገብ ሳይሆን አንድ ብቻ ይዞ ለመኖር የሞከረ ሰው ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ በሕይወታቸው ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

ልዑል ራስ እምሩ የተወለዱት በኅዳር ወር 1885 ዓ. ም. ነው። አባታቸው ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ይባሉ ነበር። ቤተ ሰቡ ከሐረር ገዥ ከራስ መኰንን ቤት ጋር በዝምድና የተሳሰረ ስለ ነበር ሕፃኑ እምሩ ከእርሳቸው በአራት ወር ብቻ ከሚበልጡት ከተፈሪ መኰንን፣ ማለትም ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከነገሡት ጋር፣ በአንድ ቤት አደጉ። የአገሩንም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ የውጭውንም ቋንቋ በአንድነት ተማሩ። ከመምህሮቻቸው አንዱ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ነበሩ። እኒህ መምህር በ1907 ዓ. ም. በሐረማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሰጥማ ብዙ ሰው ባለቀበት አደጋ ሞተዋል፤ ደጃዝማች ተፈሪም በዚያ ቀን ከሞት የተረፉት በጭንቅ ነው።

ከነገሥታት ጋር አብሮ ማደግ ቀላል ነገር አይደለም። የታሪክ መጻሕፍትን ስናገላብጥ እንዲህ ያለው ጓደኛ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ሲሆን እናገኘዋለን፤ ወይ የሚሸነግል ባለሟል ይሆናል፣ ወይ ዙፋኑን የሚመኝ ባላንጣ። እምሩ ከሁለቱም አልሆኑም። ንጉሠ ነገሥቱን እስከ መጨረሻው አልከዱም፤ ንጉሠ ነገሥቱ የሚጠሉትን ሐሳብ ግን ያስቡ ነበር፤ ማሰባቸውንም አልደበቁም። ይህን ሁለት ነገር በአንድ ልብ መያዝ እንዴት እንደ ተቻላቸው ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

አሁን ወደ ጎጃም እንመለስ። ጎጃምን ከእርሳቸው በፊት ይገዙ የነበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። አባታቸው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መንቆረር ትባል የነበረችውን ከተማ የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ደብረ ማርቆስ ያሰኟት ሲሆኑ የሞቱትም በ1893 ዓ. ም. ነው። ራስ ኃይሉ ብልህ ሰው ነበሩ፤ አውሮፓን ያዩ፣ የዘመኑንም ንግድ የሚያውቁ። ነገር ግን ስማቸው እስከ ዛሬ በጎጃም ሲነሣ አብሮት የሚነሣው የግብሩ ብዛት ነው። ገበሬው በአንዱ ግብር ላይ ሌላ ሲጨመርበት፣ ሹመትም እንደ ሸቀጥ በገንዘብ ሲሸጥ የታየበት ዘመን ነበር። በግንቦት 1924 ዓ. ም. ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እስር ቤት ባመለጡ ጊዜ ራስ ኃይሉ በዚህ ነገር እጃቸው አለበት ተብለው ተያዙ፤ ተፈርዶባቸውም ታሰሩ። በእርሳቸው ምትክ ለጎጃም የተሾሙት እምሩ ናቸው።

ተማሪ አንባቢዎቻችን የዚያን ዘመን አስተዳደር በዓይነ ሕሊናቸው እንዲያዩት ጥቂት ማስረዳት ሳያስፈልግ አይቀርም። የጎጃም ገበሬ በአብዛኛው ባለ ርስት ነበር፤ መሬቱ የአባቱ የአያቱ ነው፤ ማንም ጭሰኛ ሊለው አይወድም። ግን በርስቱ ላይ ግብር አለ፤ ከሁሉም የሚያንገበግበው አሥራት ነው። አሥራት ከእህሉ ከዐሥሩ አንዱ ሲሆን የሚወሰነው ደግሞ በግምት ነው። ገማቹ ማሳው ላይ መጥቶ አዝመራውን አይቶ ይህን ያህል ቁና ይወጣዋል ይላል። ገማቹ ካልመጣ ገበሬው አዝመራውን ማንሣት አይችልም። እንግዲህ ጤፉ ደርሷል፣ ዝናብ ወይም በረዶ ያሰጋል፣ ገማቹ ግን ዛሬ ነገ ይላል። ገበሬው ምን ያደርጋል? ሙክት ይጎትታል፣ ጠላ ይጠምቃል፣ ማር ይዞ ይሄዳል። ገማቹ ሰረቀ አይባልም፤ ማንንም አልደበደበም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር መዘግየት ብቻ ነው። ከዚህ የበለጠ ረቂቅ ሌብነት መኖሩን እንጠራጠራለን። አሥራቱ ዛሬ ቀርቷል፤ መዘግየቱ ግን አልቀረም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያዡ ለስብሰባ ወጥቷል የሚባልለት ባለ ጉዳይ ያውቀዋል።

በዳኝነትም በኩል እንዲሁ ነው። ወደ ሹም ቤት ባዶ እጅን መሄድ ነውር ስለ ነበር ከሳሽም ተከሳሽም እጅ መንሻ ይዞ ይቀርባል። እጅ መንሻው አክብሮት ይሁን ጉቦ የሚለየው በሰጪው ሳይሆን በተቀባዩ ሕሊና ነው። በየመንገዱም ኬላ አለ፤ ነጋዴው በየኬላው ይቀረጣል፤ ኬላ ጠባቂውም የራሱን ድርሻ አይረሳም። ልብ በሉ፤ እኒህ ሁሉ ሰዎች ክርስቲያኖች ናቸው። ገማቹ ዓርብ ይጾማል፤ ዳኛው ሰንበቴ ይጠጣል፤ ኬላ ጠባቂው በጥምቀት ታቦት ያጅባል። ሥራቸውን ከጾማቸው ጋር አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት አገናኝተውት አያውቁም።

ልዑል ራስ እምሩ ወደ ደብረ ማርቆስ የመጡት በዚህ ሥርዐት ላይ ነው። እርሳቸው በሥልጣናቸው ሀብት ለማከማቸት የማይጣደፉ ሰው መሆናቸው ከሐረር ጀምሮ የታወቀ ነበር፤ በጎጃምም ስማቸው ከቀዳሚያቸው ስም የተለየው በዚሁ ነው። ታዲያ ሕዝቡ ወደዳቸው? እዚህ ላይ ታሪኩ ተማሪ በሚመኘው መንገድ አይሄድም። ጎጃሜ ራስ ኃይሉን በግብራቸው ቢያማርርም የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ፣ የአገሩ ተወላጅ ናቸው። እምሩ ግን ከሸዋ መንግሥት የተላኩ እንግዳ ናቸው፤ አብረዋቸውም እንግዳ ሹማምንት መጥተዋል። አንድ ገዥ ራሱ ንጹሕ ቢሆን ከእርሱ በታች ያለው ምስለኔና ጸሐፊ ሁሉ ንጹሕ ሊሆንለት አይችልም፤ ገበሬውም የሚያገኘው ገዥውን ሳይሆን ምስለኔውን ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው ቅንነት ሕዝቡ ላይ እስኪደርስ ድረስ በብዙ እጅ ያልፋል፤ በየእጁም ይቀንሳል። እኛ ይህን የምንለው የሹምን ቅንነት ዋጋ ለማሳነስ ሳይሆን ሚዛኑን በትክክል ለማየት ነው። ለሦስት ዓመት ያህል የቆየ ቅን አስተዳደር የትውልድ ቂምንና የአገር ልጅነትን ስሜት ሊያሸንፍ አልቻለም፤ ይህም ብዙ ሳይቆይ በጦርነቱ ጊዜ ታየ።

በመስከረም 1928 ዓ. ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻግሮ ገባ። ልዑል ራስ እምሩ ወደ 25,000 የሚገመት የጎጃም ጦር ይዘው በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ሰሜን ተነሡ። በመኪና ሳይሆን በእግርና በበቅሎ፣ ዳገቱን ቆላውን፣ ጎጃምንና ጎንደርን አቋርጠው እስከ ሽሬ ድረስ ነው። በሠራዊቱ ውስጥ ከአርበኞች ጋር አብረው የተሰለፉ የተማሩ ወጣቶች ነበሩ፤ በጎዛምን ተወልደው ቅኔ የተማሩት፣ ኋላም ፍቅር እስከ መቃብርን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ ከእነዚህ አንዱ ናቸው። ጉዞው ገና ሳይፈጸም ግን ከጎጃም ገዥ ቤት የሚወለዱት ደጃዝማች ገሠሠ በለው ተከታዮቻቸውን ይዘው ከሠራዊቱ ተለዩና ተመልሰው ደብረ ማርቆስ ላይ ሸፈቱ። ልዑሉ ከፊታቸው ጠላት፣ ከኋላቸው ደግሞ ያስተዳድሩት የነበረው አገር ዐመፅ ሆነባቸው። እንዲህም ሆኖ ወደ ፊት ቀጠሉ።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ. ም. የፊት ጦራቸው ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና በተባለው በር ላይ የኢጣሊያን ትናንሽ ታንኮች ገጠመ። መድፍ የሌለው ጦር በታንክ ላይ ወጥቶ፣ በድንጋይና በጎራዴ፣ በጀርባ በኩል እየመጣ ብረቱን ድል አደረገ። በዚያ ጦርነት ከኢትዮጵያ ድሎች ሁሉ ይህ የሚዘነጋ አይደለም። ስምንት ቀን አላለፈም፤ ታኅሣሥ 13 ቀን በተከዜ አጠገብ አውሮፕላኖች መጡ። ልዑሉ ከብዙ ዓመት በኋላ ለአንድ ኢጣሊያዊ የታሪክ ጸሐፊ እንዳስረዱት በዚያ ጧት የወደቀው እንደ ወትሮው ቦምብ አልነበረም። በርሜል የሚመስል ነገር መሬት ሲነካ እየተሰነጠቀ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ይረጫል። የነካው ሰው እጁ፣ እግሩና ፊቱ ውሃ እየቋጠረ ይላጥ ጀመር። ጥማቱን ሊቈርጥ ወደ ወንዙ የወረደም በዚያው ወድቆ ይቀር ነበር፤ ወንዙን ለመጠጣት የመጡ ገበሬዎችና ከብቶችም እንዲሁ። አለቆቻቸው ምን እናድርግ ብለው ሲጠይቋቸው የሚመልሱላቸው አልነበራቸውም።

ከሕይወታቸው ሁሉ እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ይህ ነው። ያን መርዝ የጣሉት ሰዎችም በእሑድ ቀን ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ፣ በሥላሴ ስም የተጠመቁ ናቸው። ሁለት መዝገብ መያዝ የሐበሻ ገማች ብቻ ልማድ አይደለም ማለት ነው፤ የአውሮፓ መንግሥታትም በጄኔቫ በ1917 ዓ. ም. የመርዝ ጋዝን የሚከለክል ውል ፈርመው፣ ኢጣሊያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ሆና፣ በተከዜ ላይ ያደረገችውን አደረገች።

በየካቲት መጨረሻ በሽሬ ከባድ ውጊያ ተደረገ፤ የልዑሉ ጦርም ተሰበረ። ጥቂት ሰው ይዘው ተመልሰው ጎጃም ገቡ፤ ያ የበዛ ሠራዊት በየመንገዱ ተበትኖ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ እምሩ በእንደራሴነት ጎሬ ላይ እንዲቀመጡ ተደረገ። በምዕራብም ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ መኰንኖችና በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች ያቋቋሙት፣ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የሚመሩት፣ የጥቁር አንበሳ ማኅበር ተቀላቀላቸው። ይህ ማኅበር የተጻፈ ደንብ ነበረው፤ ገበሬውን እንዳይዘርፉ፣ ምርኮኛን እንዳያሠቃዩ የሚከለክል። ጦር በገበሬ ላይ ሲሠፍር የገበሬው ቤት ባዶ መቅረቱ የተለመደ በነበረበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ወራቱ እየከፋ ሄደ። ስንቅ አለቀ፣ ጥይት አለቀ፣ የአካባቢው ሕዝብም ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር የቆየ ቂም ስለ ነበረው አልረዳቸውም። በመጨረሻም በታኅሣሥ 1929 ዓ. ም. በከፋ ምድር በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበቡ። የሚመርጡት ሁለት ነበር፤ ወይ ከቀሩት ወታደሮች ጋር እስከ መጨረሻው ተዋግቶ መሞት፣ ወይ እጅን ሰጥቶ የሰዎቹን ነፍስ ማትረፍ። ልዑሉ መሄድ የሚፈልግ እንዲሄድ ካሰናበቱ በኋላ የሰዎቻቸው ሕይወት እንዲጠበቅ ተስማምተው እጃቸውን ሰጡ።

በዚህ ነገር ላይ እስከ ዛሬ ክርክር አለ። በአገራችን ወግ መሪ ሲሸነፍ ይሞታል እንጂ አይማረክም፤ አፄ ቴዎድሮስን በመቅደላ ያየ ሕዝብ ጎጀብን በቀላሉ አይቀበለውም። እኛ ግን እንዲህ እናስባለን፤ ለራሱ ክብር የሚሞት ሰው ክብሩን ያገኛል፤ ከእርሱ ጋር የሚሞቱት ግን አልተጠየቁም። ልዑሉ የመረጡት ስማቸውን ጎድቶ ሰውን የሚያተርፈውን ነው። የኀዘኑ ኀዘን ደግሞ ከዚህ በኋላ መጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ ፋሺስቶች ከልዑሉ ጋር እጃቸውን የሰጡትን የጥቁር አንበሳ ወጣቶች እያወጡ ገደሏቸው፤ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም ከእነዚያ መካከል ነበሩ። ቃል የተገባላቸው ሰው በዚያን ጊዜ በባሕር ማዶ እስረኛ ነበሩ። ያን ወሬ በሰሙ ጊዜ በልባቸው የሆነውን እኛ ልንጽፈው አንደፍርም።

ልዑል ራስ እምሩ ወደ ኢጣሊያ ተወስደው ፖንዛ በምትባል ትንሽ ደሴት ታሰሩ። እስራቱ እስከ 1935 ዓ. ም. ማለቂያ፣ ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቆየ። ነገሩ የመጽሐፍ ታሪክ ይመስላል፤ በሐምሌ 1935 ዓ. ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣኑ ወድቆ በተያዘ ጊዜ ያሰሩት በዚያችው በፖንዛ ደሴት፣ ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲያወራ ይስቃል። ልዑሉ ግን በዚህ ሲፎክሩ የታዩ ሰው አይደሉም።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ የቀድሞው ጎጃም ሌላ ታሪክ አሳልፎ ቆያቸው። የአገሩ ልጅ ራስ ኃይሉ ከኢጣሊያኖች ጋር ተባብረው ወደ ደብረ ማርቆስ በገዥነት ተመልሰው ነበር፤ በ1933 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን በኩል ሲገቡም ከተማዪቱን ያስረከቡት እርሳቸው ናቸው። እንግዳው ሹም ስለ አገሩ ሲታሰር የአገሩ ልጅ ለጠላት አደረ። የጎጃም ሕዝብ ግን ሁለቱንም ሳይጠብቅ በላይ ዘለቀን በመሳሰሉ አርበኞች እየተመራ በዱር በገደሉ ሲዋጋ መቆየቱን መርሳት አይገባም።

ከጦርነቱ በኋላ ስለ ልዑሉ ከሚነገረው ሁሉ የሚታወቀው የርስታቸው ነገር ነው። በውርስና በስጦታ ከያዙት መሬት ብዙውን ለሚያርሱት ገበሬዎች አከፋፈሉ። በዚህም ምክንያት የውጭ አገር ሰዎች ቀዩ ራስ የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው፤ ኮሙኒስት ናቸው ለማለት ነው። እኛ ስሙ ትክክል አይመስለንም። ለዚህ ሥራ የካርል ማርክስን መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልግም ነበር። በወንጌል ብዙ ሀብት ስለ ነበረው ስለዚያ ጎልማሳ፣ ሽጠህ ለድኾች ስጥ ሲባል አዝኖ ስለ ሄደው የሚነበበውን በየዓመቱ የምንሰማው ሁላችንም ነን። ስንሰማው ግን ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለናል። የብዙ ባለ ርስት መኳንንት ቤት በዚያን ዘመን ቄስ፣ ነፍስ አባትና ዝክር ያልተለየው ነበር፤ መሬቱን ለገበሬ የሰጠ ግን ስንት ነበር?

የቀረው ዕድሜያቸው በአብዛኛው በውጭ አገር በመልእክተኛነት አለፈ። በዋሺንግተን፣ በኋላም በሕንድና በሞስኮ ኢትዮጵያን ወክለዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ መንገድ ያከብሯቸው ነበር፤ ከአዲስ አበባም ያርቋቸው ነበር። በዋሺንግተን ሳሉ የደረሰባቸውን ግን ሳንጠቅስ አናልፍም። በመስከረም 1941 ዓ. ም. ፕሬዚዳንት ትሩማን ለሳይንስ ሊቃውንት ጉባኤ ንግግር በሚያደርጉበት አዳራሽ ልዑሉ ለዲፕሎማቶች በተመደበው ቦታ ተቀምጠው ሳለ አንድ አስተናጋጅ መጥቶ ጥቁሮች ወደሚቀመጡበት እንዲዛወሩ ነገራቸው። አልጮኹም፣ አልተሳደቡም፤ ተነሥተው ከአዳራሹ ወጡ። ነገሩ በጋዜጣ ወጣና የአሜሪካ መንግሥት ይቅርታ ጠየቀ። በተመደበላቸው ወንበር ያስቀመጣቸው መንግሥት ከዚያው ወንበር ሲያነሣቸው ወደ ተዋረደው ቦታ ሄደው ቢቀመጡ ማንም ባልወቀሳቸው ነበር፤ ምሽቱም በሰላም ባለፈ ነበር። እንዲህ ያለ ትንሽ ምርጫ በየቀኑ በየመሥሪያ ቤታችን ያጋጥመናል፤ ነገሩ እንዳይከር ብለን የምንቀመጥበት ወንበር ስንት ነው!

በታኅሣሥ 1953 ዓ. ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ መንግሥት ሲገለብጡ በሬዲዮ ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው ያወጁት ልዑል ራስ እምሩን ነው። ያ መንግሥት የኖረው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። በመጨረሻዋም ሰዓት በቤተ መንግሥቱ የታገቱ ብዙ ታላላቅ ሰዎች በጥይት ተደበደቡ። ዐመፀኞቹ የልዑሉን ስም ለምን ፈለጉት? ሕዝቡ የሚያምነው ስም ስለ ነበር ነው። ንጉሠ ነገሥቱም ተመልሰው ሲመጡ ያን ስም አልቀጡትም። አንድ ሰው በሁለት ተፋላሚ ወገኖች በእኩልነት መታመኑ ክብር ነው፤ ነገር ግን ቅንነት ያለው ሰው ያላሰበበት ዕዳም ሊሆንበት እንደሚችል ከዚህ እንማራለን፤ ሌሎች ስሙን ተውሰው የማይወደውን ሥራ ሊሸፍኑበት ይሻሉና።

ገርማሜ ንዋይን ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። እርሱም በወላይታ ገዥ ሳለ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት ማከፋፈል ጀምሮ ነበር፤ ባለ ርስቶች ከሰሱትና ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። ራስ እምሩ የሰጡት የራሳቸውን ስለ ነበር ማንም አልከሰሳቸውም። ገርማሜ ሥርዐቱን ሊነካ ሲል ተከለከለ። በዚህ ልዩነት ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብዙ ተከራክረውበታል፤ የራስን እጅ ማንጻት ይበቃል ወይስ እጅን የሚያቆሽሸውን ሥርዐት መለወጥ ያስፈልጋል በማለት። እኛ ክርክሩን ልንዘጋው አንችልም። ልዑሉ በሕይወታቸው የመለሱት የመጀመሪያውን ክፍል ነው፤ ሁለተኛው በ1966 ዓ. ም. በሌሎች እጅና በሌላ መንገድ መጣ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ልጃቸው ልጅ ሚካኤል እምሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ዘመናቸው ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ልጃቸው ወይዘሮ ዮዲት እምሩም በውጭ ጉዳይ ሥራ ከታወቁት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያት አንዷ ነበሩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ. ም. የደርግ መኰንኖች ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን ሊያወርዱ ወደ ቤተ መንግሥት በሄዱ ጊዜ ምስክር እንዲሆኑ ልዑል ራስ እምሩ አብረው እንዲገኙ አደረጉ። አንዱ ሰማንያ ሁለት ዓመት የሞላቸው፣ ሌላው ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ በሐረር በአንድ መምህር ፊት ፊደል የቈጠሩ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ተያዩ። አንደኛው በትንሽ መኪና ተጭኖ ወደ እስር ተወሰደ። ሌላው ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በኅዳር 14 ቀን ስድሳ የቀድሞ ባለ ሥልጣኖች በአንድ ሌሊት ተረሸኑ፤ ከቤተ ዘመዱም ብዙው ታሰረ፤ ርስትም ሁሉ በዐዋጅ ተወረሰ። በልዑል ራስ እምሩ ላይ ግን እጁን ያነሣ አልነበረም። በነሐሴ 1972 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ሲያርፉ ያ መሳፍንትን የጠላው መንግሥት በክብር እንዲቀበሩ አደረገ። ያዩትንና የሚያስታውሱትን የጻፉበት መጽሐፍ ካየሁት ከማስታውሰው በሚል ስም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ የወጣው በ2002 ዓ. ም. ነው። በደብረ ማርቆስም ሆነ በአማኑኤል ያለ ወጣት መጽሐፉን ካገኘው የጎጃሙን ዘመን የሚተርከውን ክፍል አስቀድሞ ያንብብ።